የቀረውን ውኃ በእግርህ አታደፍርስ
ንባብ፦ ሕዝቅኤል 34፥17-19፤ ዘፍጥረት 26፥18-22

ይህ መልእክት አስቀድሞ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። አሁን ደግሞ በእርጋታ እንድታነቡትና ለጎረቤት እንድታካፍሉት በጽሑፍ ቀርቧል።

በሕዝቅኤል መጽሐፍ እግዚአብሔር በጎቹን ይወቅሳል። አንዳንዶቹ ንጹሑን ውኃ ይጠጣሉ፤ ከጠገቡ በኋላ ግን የቀረውን በእግራቸው ያደፈርሳሉ። ልብ በሉ! ወቀሳው መጠጣታቸው ላይ አይደለም። ከኋላ የሚመጣውን አለማሰባቸው ላይ ነው።

ይሄ ለእኛ ለጋዝጊብላ ሰዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም እኮ። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ቀድመን የምንጠጣው እኛ ነን። የጅረቶቻችን ውኃ ወርዶ ወርዶ ተከዜ ይገባል። ተከዜ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ አለ። ወንዙ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት ይባላል፤ ከዚያም ከአትባራ ጋር ሆኖ ዓባይን ይቀላቀላል። እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ ከማሳህ የሚታጠበው አፈር መንገዱ ረጅም ነው። ለአንተ የጠፋ እርሻ ነው፤ ለግድቡ ደለል ነው፤ ከታች ላለው ወንድምህ የደፈረሰ ውኃ ነው።

ተራራው ሲራቆት ዝናቡ አይሰርግም፤ ይሮጣል። እርከንና ክትር ግን ያዘገየዋል። የዘገየው ውኃ መሬት ውስጥ ይሰርግና በበጋ ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። ቦረቦርም በአንድ ሌሊት አይፈጠርም፤ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ታዲያ ኃላፊነቱ የማን ነው? አንዱ "የመንግሥት ነው" ይላል። የአገራችን የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ግን ውኃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ "እኛ የሰማይ ዜጎች ነን፣ ይህች ምድር ታልፋለች" ይላል። አሜን፣ የሰማይ ዜጎች ነን! ነገር ግን ምድርን የማበጀትና የመጠበቅ አደራ ለአዳም የተሰጠው ኃጢአት ከመግባቱ በፊት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ይህ እርግማን ሳይሆን የመጀመሪያ አገልግሎታችን ነው።

ይስሐቅን ተመልከቱ። ጠላቶች በአፈር የደፈኑትን የአባቱን ጉድጓዶች እንደ ገና አስቆፈረ። ሁለት ጊዜ በውኃ ተጣሉት፤ ትቶ ሄደ። በሦስተኛው ጠብ አልነበረምና ስሙን ርኆቦት አለው፤ ስፍራ ሰፋልን ማለቱ ነው። ወገኖቼ፣ እኛ ግን ትተን የምንሄድበት ሌላ ሸለቆ የለንም። ርኆቦታችንን እዚሁ፣ ከጎረቤታችን ጋር በመስማማት ልናገኘው ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ በበጋ ቀበሌው ለተፋሰስ ሥራ ሲጠራ "ፕሮግራም አለን" ብለን አንቅር። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ጉባኤውን ከሥራው ቀን ጋር አታጋጩት። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጎረቤታችን ድንጋይ ሲሸከም እኛ ከቀረን ምስክርነታችን ምንድን ነው? ጅረቱ የሁላችንም ነው።

ሁለተኛ፣ እስከ ጅረቱ አፍ ድረስ አትረስ። ምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ አትትከል። በተከለለው ተራራ ከብትህን አትልቀቅ፤ ማንም ባያይህ ጌታ ያይሃል።

ሦስተኛ፣ የመስኖ ተራህን ጠብቅ፤ የውኃ አባቱን ስማ። ሌሊት ተነሥተህ የባልንጀራህን ቦይ ወደ ማሳህ መልሰህ ከሆነ እርሱ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም አታውጣለት። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎሃል (ማቴ. 5፥23-24)። እሁድ የጌታን እራት ከመውሰድህ በፊት ቅዳሜ ወደዚያ ሰው ቤት ሂድ። ተበድሎ ዝም ያለች መበለት ከሆነች ደግሞ ፈጥነህ ሂድ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ዝናብን የምትሰጥ አንተ ነህ። የሰጠኸንን ያደፈረስንበትን እግራችንን ይቅር በል። ከእኛ በታች ያሉትን እንድናስብ ልብ ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።