ውክልና፦ የግቢ ቁልፍና የሳጥን ቁልፍ

የዛሬው ርዕሳችን ውክልና ነው።

ባሕር ማዶ የሚኖር የአምቦ ልጅ፣ ለእረፍት ሲመጣ የሚያርፍበት ቤት በአምቦ ወይም በጉደር መግዛት አማረው እንበል። ዜግነቱን ቢቀይርም ይችላል፤ የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የቤት ባለቤትነትን ፈቅዷል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን ይዟላ! ታዲያ እሱ በሌለበት ማን ይፈርማል? ውክልና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ውክልና እንደ ቁልፍ ነው። ለዘበኛ የግቢውን ቁልፍ እንሰጣለን፤ የሳጥኑን ግን አንሰጥም። ጠቅላላ ውክልና የግቢው ቁልፍ ነው፦ ቤት ያስጠብቃል፣ ኪራይ ያስሰበስባል። ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ግን ፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እሱ ነው የሳጥኑ ቁልፍ።

እና ወገኖቼ፣ ለመግዛት ብቻ ከሆነ «መሸጥ መለወጥ» የሚለውን ሐረግ በውክልናው ውስጥ አታስገቡ፤ ተወካዩ የእናት ልጅ ቢሆንም እንኳ። ካርታው በስማችሁ ከዞረ በኋላም ውክልናውን በጽሑፍ ሻሩት።