በሐኪም ቤት ውስጥ ስለሚያዝ በሽታ



በዚህ የደስታ ቀን ደስ የማያሰኝ ነገር መምረጤን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይኸውም ሰው ለመዳን ሐኪም ቤት ገብቶ፥ ይዞት ያልመጣውን ሌላ በሽታ እዚያው ስለ መያዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጠው፥ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ከ100 የተኙ በሽተኞች 15 ያህሉን፥ በባለጸጎቹ አገሮች ደግሞ 7 ያህሉን ይህ ያገኛቸዋል።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፥ በሐኪሞች ክፍል የሚወልዱ እናቶች በአዋላጆች ክፍል ከሚወልዱት ይልቅ ስለ ምን አብዝተው እንደሚሞቱ መረመረ። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶቹ እንደሚመጡ አስተዋለና፥ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህል የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 ያህል ወረደ። ነገር ግን ከባልንጀሮቹ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ የተማረ ሰው እጅህ ቆሽሿል ሲሉት መቆጣቱ አይቀርም!

ወደ አሶሳችን ስንመለስ፥ እዚህ በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ከመንጌም ከኩርሙክም ከባምባሲም ዘመድ አብሮ ይመጣል፤ ገንፎ ያበላል፥ ደግፎ ያነሣል። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። እኔም ታላቅ ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ፥ ስሙን በማልጠራው ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜ 9 ሌሊት አስታመምሁት። በአጠገቡ ቁስላቸው መግል የያዘ ሽማግሌ አባት ነበሩ፤ ጠያቂ ስላልነበራቸው እኔ አነሣቸው ነበር። በነዚያ ቀኖች ቧንቧው ደርቆ ነበርና፥ እጄን በልብሴ ጠርጌ የወንድሜን ፋሻ አስተካክል ነበር። በ6ኛው ቀን የእርሱም ቁስል መግል ያዘ። የእኔ እጅ ይሁን የሌላ ሰው ማንም አያውቅም። እኔ ግን እጄን ባየሁ ቁጥር አስበዋለሁ። እርሱም ዛሬ እያነከሰ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማኛል።

ውሃ ሲጠፋ መላ አለው። 80 ከመቶ አልኮል ከጥቂት ግሊሰሪንና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር በመድኃኒት ክፍል ይቀመማል፤ እጅን ለ20 ወይም ለ30 ሴኮንድ በደንብ ያሹበታል። ደም ወይም መግል የነካው እጅ ግን ውሃና ሳሙና ይፈልጋል። ይህንም ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው አልጋ ስንሻገር ሁሉ ማድረግ ነው፤ ሐኪሙም፥ አስታማሚውም፥ ጠያቂውም።

ባለፈው ክረምት እናታችን ስትተኛ ወንድሜ ማንጎውን ትቶ አስቀድሞ የገዛው ሳሙናና አንድ ጀሪካን ነበር።