የአልጌው ገንዳና የሮቤ ብርድ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከቁጠባችን ወጪ አድርገን ስፒሩሊና የሚባለውን አልጌ በገንዳ እናምርት የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ሂሳቡን እንድሠራ ታዝዤ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን የጀመርኩት ሐሳቡን ወድጄው ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅም፣ ከሻላ ሐይቅ ጎን ያለው ትንሹ ጪቱም መልካቸውን ያገኙት ከዚሁ አልጌ ነው፤ ፍላሚንጎዎች ይመገቡታል። በቻድ የካኔም ሴቶች ከኩሬ ጨልፈው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው ወጥ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ድሄ ይሉታል። ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። መሬት የሌላት ሴትም ልታመርተው ትችላለች። ልቤን የነካው ይኼ ነው።

ታዲያ አልጌው ሙቀት ይወዳል። በደንብ የሚያድገው ውሃው 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። የሮቤንና የጎባን የኅዳር ውርጭ ለእናንተ አልነግርም። ጫጩቶቻችንን ታስታውሳላችሁ? ከመኖ ቀጥሎ በመዝገቤ ትልቁ ወጪ ከሰል ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ግማሾቹን ብርድ ጨረሰብን። ጫጩት በካርቶን ይሸፈናል፤ 1,000 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ሙሉ በምን ይሞቃል? ለዚያ ገንዳ ሶዳው ብቻ ከ8 እስከ 16 ኪሎ ይፈልጋል።

ለልጆቻችንስ? አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም ገደማ። ደጃችን የሚበቅለው ደረቅ ባቄላ አንድ እፍኙ 7 ወይም 8 ግራም ይሰጣል። ብረት እንዳለው አልክድም፤ ግን ወተትና እንቁላልን አይተካም። በነገራችን ላይ፣ ከኩሬ የሚቀዳ አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ስፒሩሊና አይደለም፤ መርዛማም አለበት። ልጆች እንዳይሞክሩት አደራ።

ስለዚህ ቁጠባው አይነካ እላለሁ። ከእሱ ላይ ወጪ ካደረግን ለባቄላ ዘርና ለሽሮ ማስፈጫ ይሁን። ደጋፊዎቻችን አልጌውን መሞከር ከፈለጉ ግን ከሳነቴና ከሐረና ጫካ ወዲያ ደሎ መና ቆላ ነው። እዚያ ካሉ ሴቶች ጋር አንድ ገንዳ፣ ለአንድ ዓመት፣ በእናንተ ወጪ ይሞከር። የየቀኑን ሙቀትና ምርት መዝግቦ መያዙን እኔ እወስዳለሁ።

አውቃለሁ፣ ቅር የምትሰኙ አላችሁ። መዝገቡ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከሻይ በኋላ ኑና አብረን እንየው።