ሞተሩ ለምን ሲጢጥ ይላል?
በኮንጋ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቁጠባችን መዋጮ ሳይሆን ያንን መዋጮ ሳናውቀው ሊበላብን ስለሚችል ነገር ነው፤ ከመኪናችን ሞተር ስለሚወጣው የሲጢጥታ ድምፅ። «ይህ የሹፌርና የመካኒክ ጉዳይ ነው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ፒካፓችን የቆመች ዕለት የምንጎዳው እኛ ነን። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ቡናው በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያ ካልደረሰ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱም ዋጋውም ይወርዳል። ወደ ይርጋጨፌና ወደ ዲላ ገበያ የምንልከው ቆጮና አቮካዶም የሚጠብቀው ያችኑ መኪና ነው።

የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሲጢጥታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። በሽታው ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

በሞተሩ ፊት ለፊት የሚዞር የጎማ ቀበቶ አለ፤ ቺንጋ ይባላል። ቺንጋው ከሞተሩ ኃይል ወስዶ ዲናሞውንና በብዙ መኪኖች የውሃ ፖምፓውን ያዞራል። ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ክብ ብረቶች ፑሌጃ ይባላሉ፤ እነሱን ያለችግር የሚያሽከረክራቸው ደግሞ ኩሽኔታ ነው። ሦስቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህን ካወቅን ጋራዥ ስንሄድ የሚባለው ሁሉ ይገባናል፤ የገባን ሰዎች ደግሞ እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ነው የሚጮኸው?» የሚለው ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ከሆነ ነገሩ ከፍሬኑ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ ከሆነም የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ይታይ። ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ከሞተሩ ሳይሆን ከሥር ነው። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ወይም ከዝናብ በኋላ ጮኾ ሲሞቅ የሚተው፣ ወይም የፊት መብራት ሲበራ የሚብስ ከሆነ ግን ቺንጋው እየተንሸራተተ መሆኑን እንጠርጥር፤ ላልቷል ወይም አርጅቷል።

ሁለተኛው የድምፁ ዓይነት ነው። እንደ ወፍ ጭር ጭር እያለ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር አልቆሙም። ረዥም ጩኸት የልል ቺንጋ ጠባይ ነው። ሳያቋርጥ እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ደግሞ ያለቀ ኩሽኔታ ነው።

ሦስተኛው የውሃ ሙከራ ነው። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ከራቅ ብሎ በቺንጋው የውስጥ በኩል ትንሽ ንጹሕ ውሃ ይረጫል። ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ የፑሌጃ አሰላለፍ ይታይ፤ ከባሰ ቺንጋው ልል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በረዥሙ የቺንጋ ክፍል መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት፣ በብዙ አሮጌ መኪኖች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢገባ ደህና ነው። ዘይት፣ ቅባት ወይም ሳሙና መቀባት ግን አይገባም። ዘይቱ ጎማውን ያበላሻል፤ ጩኸቱ ለጊዜው ቢጠፋ እንኳ ቺንጋው ይብስ ይንሸራተታል።

የራሳችንን እንንገራችሁ። ፒካፓችን ጠዋት ጠዋት ስትጮህ በአንድ ጋራዥ ቺንጋዋ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ድምፁ ግን በየጥቂት ሳምንቱ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ «ዲናሞ ቀይሩ» ተባልን። ገንዘቡን ከሣጥኑ ከማውጣታችን በፊት ቺንጋው ወልቆ እያንዳንዱ ፑሌጃ በእጅ ይዙርልን ብለን ጠየቅን። ዲናሞው ያለ ድምፅ ለስልሶ ዞረ። የውሃ ፖምፓው ግን ሲነካ ይወዛወዛል፤ ከሥሩም የደረቀ የራዲያተር ውሃ ነጭ ምልክት ነበር። የሚያፈሰው ውሃ አዲሱን ቺንጋ ሁሉ እያራሰ ያንሸራትተው ነበር ማለት ነው። ፖምፓው ተቀየረ፤ ጩኸቱ ቆመ። ዲናሞው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ድምፁን ችላ ብንለው ኖሮስ? የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ውሃው በሞተሩ ውስጥ አይዘዋወርም፤ ሞተሩ ይፈላል፤ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ይህ ከቺንጋ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። በመንገድ ላይ የባትሪው መብራት ከበራና የሙቀቱ ቀስት ከወጣ፣ ዳገት ላይም ቢሆን ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። የራዲያተሩም ክዳን እስኪቀዘቅዝ አይነካ።

ለደኅንነታችን አንድ ነገር አደራ። ሞተር እየሠራ ኮፈን ሥር የምትጎነበስ ሴት ነጠላዋን ታውልቅ፣ ሻሿን አጥብቃ ትሰር፣ ሹሩባዋን ትሰብስብ፤ የሚዞር ቺንጋ ለማንም አይመለስም። እጅ የሚገባው ሞተሩ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ለፒካፓችን ብቻ አይደለም። የወፍጮ ቤቱም፣ በቺንጋ የሚዞር የቡና መፈልፈያም ቋንቋቸው ይኸው ነው። ጩኸቱን መጀመሪያ የምንሰማው ደግሞ ከጭነቱ ጋር የምንሳፈረው እኛ ነን። ሹፌሩ በየቀኑ ስለሚሰማው ጆሮው ሊለምደው ይችላል። ስለዚህ ድምፅ የሰማች አባል «ምን አውቄ» ብላ ዝም አትበል። በመኪናዋ ደብተር ላይ ቀኑን፣ መቼ እንደጮኸና ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ ትጻፍ፤ መጻፍ የማትችል ለጸሐፊያችን ትንገር። መካኒኩም ጥሩ መረጃ ሲያገኝ ሥራው ይቀለዋል፤ እኛም የማያስፈልገንን ዕቃ አንገዛም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። መኪናዋ ውጭ ቆማለች። ቡናችንን ጠጥተን ስናበቃ ኮፈኑን ከፍተን ቺንጋው የቱ፣ ፖምፓው የቱ እንደሆነ ሁላችንም በዓይናችን እናያለን።