ሞተሩ ለምን አይታይም?

አቅራቢ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወደ ግራ ለመታጠፍ ቆማችኋል እንበል። ከፊት ሞተር ሳይክል እየመጣ ነው። ጠባብ ስለሆነ ዓይናችን ከእውነቱ የራቀና የዘገየ አድርጎ ያየዋል። ይባስ ብሎ የፊት መስታወቱን የያዘው ምሰሶ ሙሉ በሙሉ ሊጋርደው ይችላል። ስለዚህ ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ከመታጠፋችሁ በፊት ከወንበራችሁ ሰገግ ብላችሁ ደግማችሁ እዩ።

ሞተር ነጂዎችስ? በ2004 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱት የአደጋ ስጋታቸው በ37 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ከጥቁር አድራጊዎቹ በ24 በመቶ ያነሰ ስጋት ነበረባቸው። ጥቁር የቆዳ ጃኬት ያምራል፣ አልካድንም፤ አሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት ላይ ሲመሽ ግን ከአስፋልቱ አይለይም። ከላዩ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርቡበት፤ የፊት መብራቱንም በቀን ጭምር አብሩት።