የተከታታይ ፊልም ክፍሎች ለምን ይበላለጣሉ?



ይህ ንግግር በአዳራሽ መሆኑ ቀርቶ እዚህ እንጦጦ ፓርክ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር እንዲቀርብ የመረጡት ተማሪዎቻችን ናቸው። ምርጫቸው ለርእሱ ይስማማል። ከዚሁ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ሳተላይታችንም መረጃዋን የምትልከው ወደ እንጦጦ ጣቢያ ነበር። ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መቀመጫ አላውቅም።

ለዛሬው ንግግር መነሻ የሆነኝ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አንድ የጃፓን ሳይንሳዊ አኒሜ በዚህ ሳምንት አስደምሞን በሚቀጥለው ሳምንት የሚያሳፍረን ለምንድን ነው? ሠሪዎቹ ያው አይደሉምን?

ያው አይደሉም። ስሌቱን እንመልከት። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። አንዱን ሥዕል ለሦስት ምስል ብናቆየው እንኳ በሰከንድ 8 ሥዕል ያስፈልጋል፤ ለ20 ደቂቃ ደግሞ 9,600። ይህን በየሳምንቱ በእጅ ስሎ የሚያደርስ ድርጅት የለም። ስለዚህ ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1963 አስትሮ ቦይን በየሳምንቱ ማቅረብ ሲጀምር ብዙውን ምስል ማቆም፣ አፍን ብቻ ማንቀሳቀስ፣ የተሳለውን መልሶ መጠቀም ግድ ሆነበት። ሥራውም ለተለያዩ ቡድኖች ይከፋፈላል፤ የአንዱን ክፍል ሥዕል ያረመው ሰው የሌላውን ላያርም ይችላል። ከዚህ ቁልቁል ሽሮ ሜዳ ወርዶ ነጠላ የሚመርጥ ሰው ነገሩን በጣቱ ያውቀዋል፤ ሸማኔው አንድ ቢሆንም ፈትሉ ከብዙ እጅ ከተሰበሰበ መወፈር መቅጠኑ አይቀርም።

የማቀርበው ዋና ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ጉንዳም ነው። ዮሺዩኪ ቶሚኖ ያዘጋጀው ይህ ተከታታይ 52 ክፍል እንዲሆን ታቅዶ በ43 ተቋጨ። የገጸ ባሕርያቱን መልክ የነደፈውና ሥዕሎቹን የሚያርመው ዮሺካዙ ያሱሂኮ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግን ታሞ ሆስፒታል ገባ። ከ43ቱ ሁሉ በመጥፎ አሣሣሉ ስሙ የሚነሣው 15ኛው ክፍል ነው። የጦር ሮቦቱ ሰውነቱ ቀጥኖ፣ ፊቱ ሾሎ፣ የሌላ ፊልም ሮቦት እስኪመስል ድረስ ተበላሽቷል። ተከታታዩ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ቶሚኖ ይህ ክፍል እንዲቀር አደረገ።

ታሪኩ ግን ምን ይላል? ኩኩሩዝ ዶአን የተባለ ወታደር ጦሩን ከድቶ፣ ጦርነት ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሕፃናት በአንዲት ደሴት ያሳድጋል። በቀረችው አንዲት ሮቦት የሚመጣበትን ሁሉ ይከላከላል። በመጨረሻ ወጣቱ ተዋጊ አሙሮ ሮቦቱን አንሥቶ ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል፤ ጦርነቱን ወደ ሕፃናቱ የሚጠራው ራሱ መሣሪያው ነውና። በእኔ ግምት ይህ ከ43ቱ ክፍሎች ጠንካራው ጥያቄ ነው። ወላጅ አልባ ሕፃናትን በየመንደሩ ያየ የአገራችን ተመልካች ይህን ለማድመጥ የሮቦቱ ፊት እስኪቃና አይጠብቅም። የቶሚኖን ሐፍረት እረዳለሁ፤ ውሳኔውን ግን አልደግፍም። ያሱሂኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚያች የተጣለች ክፍል ሙሉ ፊልም ሠርቷል።

እንግዲህ የእጅ ጉድለትና የሐሳብ ጉድለት ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረውን የሂዴአኪ አኖን ኢቫንጌሊዮን ውሰዱ። በ24ኛው ክፍል አንድ ምስል አንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ የሚሰማው የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ ነው። ወጣቱ ወዳጁን በእጁ ጨብጦ ይግደለው አይግደለው ይወስናል። እንቅስቃሴ ቢኖር ኖሮ ጭንቀቱ ይቀል ነበር። በ25ኛውና በ26ኛው ክፍል ግን ታሪኩ ወደ ገጸ ባሕርያቱ አእምሮ ገብቶ በቆሙ ሥዕሎች፣ በጽሑፎችና ባልተጠናቀቁ ንድፎች ያልቃል። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ ቢሆንም በ24 ክፍሎች የተቋጠረውን ሳይፈቱ መውጣት ነው። ተመልካቹ ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሌላ ፍጻሜ በፊልም ተሠራ።

ይህን ሁሉ የምለው የምረቃ ሥራችሁን ዕቅድ ስላየሁ ነው። በአገራችን ብሩክታዊት ጥጋቡ የፈጠረችው ጥበብ ገርልስ ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶችን በአኒሜሽን አሳይቶናል፤ መንገዱ ተጀምሯል። እናንተ አምስት ሆናችሁ፣ ሁለት ኮምፒውተር ይዛችሁ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ 26 ክፍል ጽፋችኋል። ሦስት አድርጉት። ከሦስቱም ሥዕሉ የሚጎድልበትን ክፍል አስቀድማችሁ እወቁና ጠንካራውን ንግግር ለእርሱ ስጡት፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲያዳምጥ ለመሳል ብዙ ሥዕል አይጠይቅም። ሦስቱንም ክፍሎች የሚያርም አንድ ሰው ከወዲሁ ምረጡ፤ እርሱም ሌላ ሥራ አይኑረው።

የእንጦጦ ብርድ ሳይጠናብን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።