ልዩ ልዩ ብሔርና ሃይማኖት ያላቸው ሠራተኞች በአንድ የሥራ ቦታ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)



በሥራ ቦታ የሚቋቋሙ የሠራተኞች ማኅበሮች ለብሔርና ለሃይማኖት እኩልነት ስለሚሰጡት ጥቅም እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ የገዛ ስሕተቴ ነው። ስለዚህም ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ መሐንዲስ ሳለሁ፣ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ዓርብ ጧት አርማታ እንዲሞላ መርሐ ግብር አወጣሁ። ከቀትር በፊት ያልቃል የሚል ግምት ነበረኝ። ይሁን እንጂ ሚክሰሩ ተበላሽቶ ሥራው ቆመ፤ የጁምዓ ሶላት ሰዓትም ደረሰ። ቫይብሬተር ከሚይዙትና አርማታ ከሚያመላልሱት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለ ነበሩ ፈቃድ ጠየቁ። እኔም አርማታ ሰው አይጠብቅም ብዬ ከለከልኩ። ከፊሎቹ ሄዱ፤ ከፊሎቹም ቅር እያላቸው ቀሩ፤ በሠራተኛው መካከል የተነሣው ክርክርም ከሥራ አልፎ ወደ ሃይማኖት ተሻገረ። እንደምታውቁት፣ ቀድሞ የፈሰሰው አርማታ ከጠነከረ በኋላ አዲስ ቢጨመርበት ሁለቱ አንድ አካል አይሆኑም። ደካማውን መጋጠሚያ ጠርቦ እንደገና መሙላት ግድ ሆነ።

በዚያው ሳምንት የሠራተኛው ዕድር ዳኛ የነበሩ ሸምገል ያሉ አናጢ ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ «ኢንጂነር፣ ዕለቱ ዓርብ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የጠየቀን ግን የለም» አሉኝ።

ያ ዕድር ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ከወላይታም ከጉራጌም ከወሎም የመጣውን ያቀፈ ነበር። በኀዘን ቀን ድንኳን ተክሎ የየሃይማኖቱን ምግብ ለይቶ ማቅረብ ያውቅበታል። ከዚያ ወዲህ ዕድሩ የመረጣቸው ሦስት ሰዎች መርሐ ግብሩን ከመጽደቁ በፊት ይመለከቱት ጀመር። የዓርብን ቀትር ክርስቲያኖቹ፣ የገናንና የጥምቀትን ተረኝነት ሙስሊሞቹ ያዙ። በአማርኛ ብቻ ይነገር የነበረው የአደጋ መከላከያ ማስጠንቀቂያም አማርኛ ለማይሰሙት በቋንቋቸው ይገለጽላቸው ጀመር። በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የቀትር ዕረፍት ከሌሎቹ ቀኖች የረዘመ ነው፤ በግንባታ ቦታ ግን ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ በመሐንዲሱ ማስተዋል ላይ የወደቀ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ካቦዎቻችን በሙሉ የአንድ አካባቢ ሰዎች እንደ ነበሩ ያስተዋልኩት ሕንፃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ዕድሩም ይህን አንድ ቀን አላነሣም። ዕድር ኀዘንን ማካፈል ይችልበታል፤ ሹመትንና እድገትን መጠየቅ ግን አለመደበትም።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ልምድ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ የዘር ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ በዚያው ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረው የዜሮክስ ኩባንያ ኃላፊ ጆሴፍ ዊልሰን ጥቁር ሠራተኞችን ለመቅጠር ተነሣ። የተቀጠሩት ግን የበሩ መከፈት ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ፤ ከሚያማርሯቸው ነገሮች አንዱ የሽያጭ ክልል አደላደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ብሔራዊ የጥቁር ሠራተኞች ጉባዔን አቋቁመው ከአስተዳደሩ ጋር ስለ ድልድልና እድገት ይነጋገሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1980 በተለማማጅነት የገቡት ጥቁር መሐንዲስ ኡርሱላ በርንስ እ.ኤ.አ. በ2009 የዚያው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በብሔርና በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው በየሥራ ቦታው ጉዳዩን በሰላም የሚያነሣ አካል ነው። ይህ አካል የአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ዘመድ መቅጠሪያ ይሆናል የሚል ሥጋት አለ፤ ሥጋቱም እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አባልነቱ ለማንኛውም ሠራተኛ ክፍት ይሁን፤ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ይሰማ፤ እርሱ ራሱ ቀጣሪም ሿሚም አይሁን፣ ነገር ግን ማን በምን መመዘኛ እንደ ተሾመ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

እኛ መሐንዲሶች ከመገንባታችን በፊት አፈሩን እንመረምራለን። ሠራተኛውን ቀድሞ መጠየቅ ከዚህ የሚያንስ ጥንቃቄ አይደለም።